የጋሽ በቀለ ጉልበተኛ ራውተር

ጨምሮ ከፍሎ የተሻለ ራውተር ማስገባት ያዋጣል ወይ? እስቲ የሸጎሌ ሰፈር ጎረቤቴን ጋሽ በቀለን ጠይቁልኝ።

ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው የድሮው ራውተራቸው ዋይፋዩ ከሳሎን አያልፍም ነበር። ስለዚህ ልጆቻቸው ሁሉ ሶፋው ላይ ተጣበው፣ ስልካቸውን እየነካኩ ያመሹ ነበር። ጋሽ በቀለ ደግሞ መሃላቸው ተቀምጠው "ይሄም ኢንተርኔት ተብሎ!" እያሉ ያማርሩ ነበር። አይ ሰው! ጨምረው ከፈሉና ጉልበተኛውን አስገቡ። ይኸው፣ አሁን ሁሉም በየክፍሉ በሩን ዘግቶ ነው የሚያመሸው።

ትናንት ልጠይቃቸው ስገባ ራውተሩን ከሶኬት ነቅለውታል።

"ምነው ጋሽ በቀለ?"

"ዝም በል፤ አሁን ልጆቹ 'ኢንተርኔት ጠፋ' እያሉ ይወጣሉ" አሉኝ፣ ሶፋው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ እየለቀቁ።

ብንጠብቅ ብንጠብቅ አንድም በር አልተከፈተም። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ዳታ እንዳላቸው ለጋሽ በቀለ በምን አፌ ልንገራቸው?