ክብርት ወይዘሮ አልገባኝም

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ስብሰባው አለቀ ተብሎ ሁሉም ወንበሩን ገፍቶ ሊነሳ ሲል እጅ ያወጣሉ፤ «ይቅርታ፣ አልገባኝም።» የኛዋን «ክብርት ወይዘሮ አልገባኝም» እንላቸዋለን።

ሥራችን ባሕር ማዶ ለሚመረቱ ዕቃዎች የአጠቃቀም መመሪያ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ከመካከላችን አንድም የለም። አሠሪዎቻችን ሥራውን የሰጡን በርካሽ ስለምንሠራላቸው ነው፤ እኛም እንዳንታማ ከመዝገበ ቃላት ከባድ ከባዱን እየመረጥን እንደረድራለን። እኔማ አንዳንዴ የጻፍኩትን ሳነበው ተነስቼ ላጨበጭብለት ይቃጣኛል።

ክብርትነታቸው ግን በዚህ አይበገሩም። የውሃ ማጣሪያውን መመሪያ ጽፌ ሳቀርብ ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት።

«አንተ አንብብ፤ እኔ ያልከውን ብቻ አደርጋለሁ።»

«ቱቦውን ተገቢው ቀዳዳ ላይ ይሰኩ» ብዬ አነበብኩ።

«የቱ ነው ተገቢው?»

«ይታወቃል እኮ!»

«እኔ አላወቅኩም» አሉና ሆን ብለው የተሳሳተው ላይ ሰክተው ውሃውን ለቀቁት። ያን ቀን ጫማዬ እስኪደርቅ በካልሲ ዋልኩ። መመሪያውንም እሳቸው ራሳቸው በቀላል ቃል እንደገና ጻፉት።

«አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሥራ» እያሉ አስተዳዳሪያችንን ፀጉሩን አስነጭተውታል። ባላቸው ለጋብቻ ሲጠይቋቸው እንኳ «አልገባኝም፣ እስቲ ድገመው» አሏቸው ይባላል።

ባለፈው ወር ከአሠሪዎቻችን አንዱ በስክሪን ብቅ ብለው ሥራውን ወስደው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ጸሐፊዎች ሊሰጡት መሆኑን ነገሩን፤ የማጣሪያውን መመሪያ ለናሙና አስጽፈዋቸዋል። ሁላችንም ሥራ ልንፈታ ነው። እኔ፣ ያ ሁሉ ከባድ ቃል የማውቅ ሰው፣ አንድ እንኳ አልመጣልህ አለኝ። ክብርትነታቸው እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። የኛ መመሪያ ምን አጠፋ?»

«ቋንቋው በጣም ቀለለብን» አሉ ሰውየው።

«ማጣሪያው እዚያው አጠገብዎ አይደል? በሁለቱም መመሪያ ይሞክሩታ!»

ሰውየው እየሳቁ በነርሱ ጸሐፊዎች መመሪያ ጀመሩ። «ግልጽ ነው፣ ግልጽ ነው» እያሉ ቱቦውን ሰኩ፣ ውሃውን ከፈቱ። ሱሪያቸው በሰበሰ። ቀይረው ሲመለሱ ክብርትነታቸው የጻፉትን አነሱ። «ቱቦውን ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ይሰኩ» ይላል፤ ሰኩ። ውሃው ኩልል ብሎ ብርጭቆው ውስጥ ወረደ። ሰውየው ብርጭቆውን አንስተው ግጥም አድርገው ጠጡት።

አስተዳዳሪያችን ወንድ ነው፤ እልልታውን ግን አቀለጠው። ሥራው እኛው ዘንድ ቀረ። ያ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱት ጸሐፊዎች የጻፉትን ሁሉ ክብርትነታቸው ካላዩት አይታተምም። ደስ ሲል!

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት አሳየኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና መጨረሻው ላይ ስለ ውለታቸው በረጅሙ የተቀኘሁት አንቀጽ ጋ ቆሙ።

«እዚህ ጋ አልገባኝም። እያመሰገንከኝ ነው እያማኸኝ?»

አንቀጹን ሰረዝኩት። እሺ እመቤቴ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሥራ፦ እንወድዎታለን።