ሽምግልና በአሰሳ ተሽከርካሪ

አገር የምታድገው ቀድመው በሚያስቡ ሰዎች ነው። ለቡ መብራት ኃይል ሠፈር ከኔ ጋር አጥር የሚጋሩት አቶ ሙሴ ደግሞ ከሁላችንም ቀድመው ያስባሉ። እኛ ተራ ጎረቤቶቻቸው መኪና ሲባል ገበያና ጸሎት ቤት መሄጃ ይመስለን ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሮጌዋን ላንድክሩዘራቸውን በፊት ዞረው፣ በኋላ ዞረው ካዩ በኋላ፣ "የዚህች መኪና እምቅ አቅም እስካሁን በአግባቡ ጥቅም ላይ አልዋለም" ሲሉ በይፋ አስታወቁ። በይፋ ያልኩት በረንዳቸው ላይ ቆመው ጮክ ብለው ስለተናገሩ ነው።

አቶ ሙሴ በአንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ "ጨው አቀብዪኝ" ሲሉ እንኳ ፊታቸው ማይክ የተደቀነ ይመስላል። መኪናቸው ጣሪያ ላይ ድንኳን ዘርግተው በረሃ ለበረሃ የሚያድሩ ፈረንጆችን በስልካቸው ማየት ከጀመሩ ወዲህ፣ ካምፒንግ የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፍቶ አያውቅም። እሳቸው ራሳቸው ድንኳን ውስጥ ያደሩት አንዴ ለቅሶ ቤት ነው፤ ያኔም ወገባቸውን ይዟቸው ሰነበተ።

ሥራው ለኑረዲን ተሰጠ። ኑረዲን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ጋራዥ ያለው በያጅ ሲሆን፣ እምቢ ማለትን አልፈጠረበትም።

"መኪናዋ ከፍ ትበልልኝ። ባሌስትራ ይጨመርላት።"

"ይቻላል።"

"ጎማዋ ትልልቅ ይሁን።"

"ይቻላል።"

"ወንዝ ውስጥ ስትገባ ሞተሯ እንዳይታፈን፣ በጣሪያ በኩል አየር የሚስብ ቧንቧ ይተከልላት።"

"ይቻላል። የቱ ወንዝ ነው ግን ጋሼ?"

አቶ ሙሴ በትዝብት አዩት። ታላቅ ራዕይ ያለው ሰው ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ክረምቱን ሙሉ ብየዳ ነበር። ጣሪያዋ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ላይ ታጣፊ ድንኳን ወጣ። ከፊት እንደ ግንብ የወፈረ የብረት ፓራውልት፣ ፓራውልቱ ላይ ደግሞ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ብትቀር ራሷን በገመድ ጎትታ የምታወጣበት ዊንች ተገጠመ። መብራቱ ብዛቱ! አንድ ምሽት ሲሞከር የሰፈሩ ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ። በመጨረሻ የኋላው ወንበር ተነቅሎ በረንዳ ላይ ተጣለና፣ በቦታው ፍሪጅና ባለመሳቢያ የዕቃ ሳጥን ገባ።

"ሙሴ፣ እኛስ የት ልንቀመጥ ነው?" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፅጌረዳ።

"ፅጌ፣ የመኪናዋ ተልእኮ ተቀይሯል።"

"የሚስትህስ?"

ለዚህ ጥያቄ አቅጣጫ አልተቀመጠለትም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቤተሰቡ ጸሎት ቤት በታክሲ መሄድ ጀመረ። አቶ ሙሴ ከታክሲው ኋላ ኋላ፣ ብቻቸውን፣ ከፍሪጃቸው ጋር ይከተላሉ።

የምረቃው ሥነ ሥርዓት የተከናወነው ግቢያቸው ውስጥ ነው። ሪባን ተቆርጧል። "ዛሬ የምናስመርቃት ተሽከርካሪ" አሉ አቶ ሙሴ፣ "ዘርፈ ብዙ ፋይዳ ያላት፣ የመሬት አቀማመጥ የማይበግራት፣ ለመጪው ትውልድ የምትተላለፍ ናት። ባለቤቴ በሂደቱ ላሳየችው ትዕግሥት ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።"

"ትዕግሥት አሳየች ብሎ የነገረህ ማነው?" የሚል ድምፅ ከኩሽና በኩል ተሰማ። አጨበጨብን። ፓስተር ኤልያቄም መኪናዋ በሰላም ሄዳ በሰላም እንድትመለስ ጸለዩ። የት እንደምትሄድ ሲጠየቅ ግን ጉዳዩ በጥናት ላይ እንደሆነ ተገለጸ።

በዚህ መካከል አንድ ትንሽ የሚባል ነገር ተከሰተ፤ የአቶ ሙሴ የበኩር ልጅ አዶኒያስ ሰው ወደደ።

ሌንሳ ትባላለች። በመዘምራን አብረው ያገለግላሉ። አባቷ ኦቦ በንቲ ፉሪ ተወልደው ፉሪ ያረጁ ገበሬ ናቸው። አያታቸው ያርሱት የነበረው ሰፊ መሬት እየተሸነሸነ ፎቅ ሆኖ፣ ዛሬ የቀራቸው ከቤታቸው ጎን ያለችው አንዲት የሽምብራ ማሳ ናት። ስለዚህ ኦቦ በንቲ አንበሳ አይፈሩም፣ ጅብ አይፈሩም፤ የሚፈሩት ማሳቸው ዳር የሚቆም መኪና ነው። መኪና ከቆመ ሰው ይወርዳል። ሰው ከወረደ ሜትር ይዘረጋል።

"አዶ፣ ሽማግሌ ስትልኩ በእግር ቢመጡ ደስ ይለኛል" ብላዋለች ሌንሳ። "ባለፈው ሊያገባኝ የፈለገ የአንድ ልጅ ዘመዶች በፒካፕ መጥተው፣ አባዬ በሩን እንኳን አልከፈተላቸውም። እኔ ደግሞ አባዬ እምቢ ካለ ከዚህ ቤት አልወጣም። አዝናለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ግን አልወጣም።"

ለሽምግልናው ፓስተር ኤልያቄም፣ ኦቦ በንቲን በቅርብ የሚያውቁት አቶ ኢሉ፣ እና እኔ ተመረጥን። አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም፤ ወጉ አይፈቅድም። አቶ ሙሴም ወጉን በጥብቅ እንደሚያከብሩ ገልጸው፣ "እኔ የምሄደው በሎጂስቲክስ ዘርፍ ነው" አሉ። ሾፌር ለማለት ነው።

"ሙሴ፣ በታክሲ ይሂዱ" አሉ ወይዘሮ ፅጌረዳ። "ኮብልስቶኑ እስከ በራቸው ያደርሳል።"

"ታዲያ እሷን ለምን ሠራኋት?"

"የልጄ ነገር ነው እኮ! ሰውዬው መኪና አይወዱም ተባልክ!"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። አሳዘኑኝ፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። አንድ ቃል መተንፈስም ነበረብኝ፤ ነገር ግን ፍሪጁ በለስላሳ እንደተሞላ ሰምቼ ስለነበር ቀድሜ ተሳፈርኩ።

ፓስተር ከፊት ተቀመጡ። እኔና አቶ ኢሉ በሙሉ ልብስ፣ በሳጥኑና በፍሪጁ መካከል ጎብጠን፣ ጣሪያው ላይ የተበየደውን ብረት ጨብጠን ቆምን። ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አልቀመጥም ብሎ መቆሙ የኖረ ወግ ነው። ከቤት ጀምሮ ቆሞ መሄድ ግን የአቶ ሙሴ ፈጠራ ነው።

ፉሪ ስንደርስ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ጀመረ። የኦቦ በንቲ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ከሩቅ ይታያል። አቶ ሙሴ መኪናዋን አቆሙ።

"እዚህ ጋ ነው" አሉ።

"ምኑ?" አልኩ ለወገቤ ፈርቼ።

"አሰሳው የሚጀመረው።"

"ሙሴ፣ መንገዱ ይኸውልህ እኮ!" አሉ አቶ ኢሉ።

"በመንገድማ ማንም ይሄዳል።"

መብራቱን ሁሉ በጠራራ ፀሐይ አበሩትና ወደ ግራ፣ ወደ ማሳው ታጠፉ። የጥቅምት ዝናብ በዋዜማው ጥሎ ስለነበር ጥቁሩ መረሬ አፈር እንደ ሊጥ ላልቷል። መኪናዋ ለጋ ሽምብራውን እየደፈጠጠች በኩራት ጥቂት ተጓዘች። ከዚያ ጎማዎቿ ጭቃውን ለብሰው ኑረዲን ካደረጋቸውም በላይ ተለቁ፤ ባሌስትራው የሰጣትን ከፍታ በሙሉ መረሬው በትሕትና ተረከበ። ፓራውልቷ መሬት ነካ።

"አትደናገጡ" አሉ አቶ ሙሴ፣ በደስታ ማለት ይቻላል። "ዊንች አለን።"

ዊንች የሚታሰርበት ነገር ይፈልጋል። ሽምብራ ላይ ደግሞ ገመድ አይታሰርም። በአካባቢው የቆመ ነገር ቢኖር የኦቦ በንቲ የባሕር ዛፍ አጥር ነበር። እኔና ፓስተር ጫማችንን ጭቃው ውስጥ እየተውን ገመዱን ጎትተን ከአንዱ ቋሚ ጋር አሰርን። አቶ ሙሴ ቁልፉን ተጫኑ። መኪናዋ ወደ አጥሩ ትሄዳለች ብለን ስንጠብቅ፣ አጥሩ ወደ መኪናዋ መጣ።

አጥሩ በነበረበት ቦታ ኦቦ በንቲ ከነከዘራቸው ቆመዋል። ከኋላቸው ልጃቸው ዳባ፣ ከዳባ ኋላ ሌንሳ አፏን በእጇ ይዛ።

"ለመለካት ነው የመጣችሁት?" አሉ ኦቦ በንቲ።

"ኧረ አይደለም ኦቦ በንቲ! እኔ ኢሉ ነኝ! ሽማግሌ ሆነን ነው!"

"ሽማግሌ አጥር ነቅሎ ነው የሚገባው?"

"ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን" አሉ ፓስተር፣ ካልሲያቸው ብቻ ቀርቶ።

"ያ አናቷ ላይ ያለው ምንድነው? መለኪያ አይደል?"

"የለም፣ ድንኳን ነው" አሉ አቶ ሙሴ።

"ማን ሞቶ?"

"ማንም አልሞተም። ማደሪያ ነው። ለካምፒንግ..."

"ቤት የለህም?"

"አለኝ። ለቡ።"

"ታዲያ?"

ሌንሳ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ያን ጊዜ አፈርኩ፤ የሰውን ልጅ ዕድል እንደ ቀልድ ረግጠን መግባታችን ገባኝ።

አቶ ሙሴ መለኪያ አለመሆኑን ለማስረዳት ፖርቶመጋላው ላይ ወጥተው ድንኳኑን ዘረጉት። ከነመሰላሉ፣ ከነመስኮቱ ከማሳው በላይ ተገትሮ ቆመ። ኦቦ በንቲ ወደ ላይ አንጋጠው ብዙ ቆዩ።

"አባ፣ ይኼ እኮ ማማ ነው!" አለ ዳባ።

"እሱን እያየሁ ነው" አሉ ኦቦ በንቲ፣ ፊታቸው ቀስ እያለ እየተፈታ። ለካ ማሳው እሸት በያዘ ቁጥር ከኮንዶሚኒየሙ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ እየነቀለ ሲጨርስባቸው ኖሯል። ከፍ ብሎ ቁጭ የሚልና የሚያይ ጠባቂ ሲፈልጉ ዓመታት አልፈዋል።

ወደ ቤት አስገቡን። "ተቀመጡ" አሉ።

"ጥያቄያችን ሳይመለስ አንቀመጥም" አልን እንደ ወጉ፣ ሌንሳን ለአዶኒያስ ጠይቀን።

"ከለቡ ጀምሮ እንደቆምን ነን" ብለው አቶ ኢሉ ጨመሩበት።

"ለምን?"

"መኪናዋ ወንበር የላትም።"

ኦቦ በንቲ ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ። ደጋግመው ሳቁ። "ልጁን ጸሎት ቤት ሲዘምር አይቼዋለሁ፣ ጨዋ ነው። ሌንሳም ከወደደች እኔ ምን አግብቶኝ? ሰጥቻለሁ፣ ቁጭ በሉ" አሉ። ተቀመጥን። የወገቤን ደስታ ለመግለጽ ቃል የለኝም። "ብቻ አንድ ነገር አለ። መኪናዋ አሁን ትጎተት ከተባለ የተረፈውን ሽምብራ ትጨርሰዋለች። አጨዳው እስኪያልቅ እዚያው ትቁም። ማማው ከእናንተ ከመጣ ዘንድ ጠባቂውም ከእናንተ ይሁን።"

እኛ ሽማግሎች በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት አድርገን፣ ማለትም እርስ በርስ ተያይተን፣ በሙሉ ድምፅ ተቀበልን።

"የቢሮ ሥራዬስ?" አሉ አቶ ሙሴ።

"ያልተጠቀሙበት የስንት ዓመት ፈቃድ አለዎት" አልኳቸው። ጎረቤት ለዚህ ነው።

እነሆ፣ ሲጠና የነበረው የጉዞ መዳረሻ በዚህ መልኩ ታወቀ። አቶ ሙሴ ጭቃው ደርቆ ሽምብራው እስኪታጨድ ፉሪ ማሳ ላይ ካምፕ አደረጉ። እውነቱን ለመናገር አንድም መሣሪያ ሥራ አልፈታም። ፍሪጁ የኦቦ በንቲን ወተት ያዘ። ያ ሁሉ መብራት በእሸት ሌባ ላይ በራ። አየር የሚስበው ቧንቧ ላይ የዳባ ኮት ተሰቀለ። እሳቸውም ኮንዶሚኒየሙ ላይ የተሰጣው ልብስ እንዳይታይ አድርገው ፎቶ እያነሱ "ሰው ካልደረሰበት ሥፍራ" ብለው ይለጥፉ ነበር። ሠፈርተኛው ግን ይደርስባቸዋል።

"ዘበኛ፣ ትንሽ እሸት በናትህ!"

"ዘበኛ አይደለሁም፤ አሳሽ ነኝ።"

"እሺ አሳሽ፣ ትንሽ እሸት!"

በጥር ሽምብራው ገባ፣ መኪናዋ ወጣች፣ ልጆቹም ተጋቡ። ከሠርጉ በኋላ የሌንሳ ወገኖች እነ አቶ ሙሴ ቤት በግብዣ መጡ። ሳሎኑ ስለሞላ ወይዘሮ ፅጌረዳ ኦቦ በንቲን በረንዳ ላይ፣ ያን ተነቅሎ የተጣለውን የመኪናዋን የኋላ ወንበር ጠርገው አስቀመጧቸው። ሽማግሌው ደገፍ አሉ። ወንበሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ወዲያና ወዲህ ተመቻቹበት።

"ሙሴ!"

"አቤት ኦቦ በንቲ።"

"ይቺን ከየት አመጣሃት?"

አቶ ሙሴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ንግግር ሊጀምሩ ነበር። ወይዘሮ ፅጌረዳ ግን ቀድመው መጡና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ወንበራቸው ላይ ከእንግዳው ጎን ተቀመጡ።

"እንዴት ያለች ወንበር ናት!" አሉ ኦቦ በንቲ። "ሰው ሁሉ ይመቸዋል። ምን አለ አንድ መኪና ቢሠሩላት!"