መጽሐፉ እንዴት አደረ?

ዕቃ ከሚነፍግ ጎረቤት ይሰውረን ይባላል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጎረቤት ሳጠና ኖሬ የደረስኩበት እውነት ሌላ ነው፤ አውሶ ከማይተኛ ጎረቤት ይሰውረን። የነፈገን ሰው "የለኝም" ብሎ በሩን ይዘጋል፣ እኛም ትንሽ አኩርፈን እንረሳዋለን። ያዋሰን ሰው ግን ከዕቃው ጋር ተጠቅልሎ ቤታችን ይገባል። ድስቱን ሰጥቶ ክዳኑን ሊጠይቅ ይመጣል። መሰላሉን ሰጥቶ ከሥር ይቆምና "እዚያኛው እርከን ላይ አትቁሚ፣ እሱ ልቡ ደካማ ነው" ይላል። በጅቡቲ ሐምሌ ቬንቲላተሩን ያዋሰንማ ወየው፤ ቀትር ላይ ጋደም ስንል ግድግዳውን ያንኳኳል።

"ይዞራል?"

ይዞራል እንላለን።

"እንደ ድሮው?"

እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል እጁን ያውጣ። አላወጣችሁም። እንቀጥል።

የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አለቃ፣ ሊቀ መንበርና የበላይ ጠባቂ በሰፈራችን በካርቲየ 4 ግድግዳ የምንጋራቸው ክቡር ነጅሙዲን ናቸው። ሥራቸው ክሊም መጠገን ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቤት የሚያቀዘቅዘውን። በዚህ ከተማ ክሊም ጠጋኝ ከሐኪም ቀጥሎ ይከበራል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ሐኪሙን ይቀድማል። ፊት ለፊት ስንገናኝ "ነጅሙ" እና "አንተ" ነው የምላቸው፤ የድሬ ልጅ ናቸውና አንቱ ሲባሉ ሌላ ሰው የመጣ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ይዞራሉ። ጽሑፍ ላይ ግን ማዕረግ የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ከልካይም የለኝም።

ክቡርነታቸው ብዙ ነገር ያውሳሉ፤ ሰፈሩን ያስጨነቀው ግን አንድ መጽሐፍ ነው። ክሊሙን ይጠግኑለት የነበረ ፈረንሳዊ አስተማሪ አገሩ ሲገባ ለማስታወሻ ትቶላቸው የሄደ፣ ሦስት ክፍል ባንድ የተጠረዘ፣ እንደ ትራስ የወፈረ የሥዕል መጽሐፍ። ታሪኩ ደረቱ ላይ መብራት ተክሎ እየበረረ መርከቦችን ከዐለት ስለሚያድን ጀግናና ስለ ቀንደኛ ጠላቱ ነው። ጠላቱ አፉን ሲከፍት ጉም ይወጣል፣ ወደቡን እንዳለ ይውጠዋል። በፈረንሳይኛ ረጃጅም ስም አላቸው፤ ሰፈራችን ግን ፋኖሱ እና ዶክተር ጉም ብሎ ሰይሟቸዋል። ከመካከላችን ጉም በዓይኑ ያየ ብዙ የለም። የበረሃው ነፋስ ከምሲን ሲነፍስ ግን አቧራው የፊት ለፊቱን ቤት ሲሰውርብን አይተናል፤ ስለዚህ ነገሩ ይገባናል።

አሁን የፍርሃቴን ምንጭ ልንገራችሁ።

ክቡርነታቸው ፈረንሳይኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። የሚያነቡላቸው ጋሽ ይታገሱ ነበሩ፤ የድሮው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቶ የከተማው ጥሩንባ ጋብ ሲል፣ ሁለቱ በነጅሙዲን መብራዝ፣ ማለት በመቃሚያ ክፍላቸው፣ ትራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ባለቤቱ መጽሐፉን ይይዛሉ፣ ጋሽ ይታገሱ በፈረንሳይኛ አንብበው ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ፋኖሱን ሊነሣ ያለ ባቡር እንደሚያስታውቁ አድርገው ያነቡታል። ዶክተር ጉም ሲመጣ ግን ድምፃቸው ከጉሮሯቸው ሥር፣ ከጓዳ እንደሚመጣ ሆኖ ይወጣል፤ ከግድግዳው ወዲህ መጋረጃ የምሰፋው እኔ እንኳ መርፌዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። ገጽ የሚገልጡት ነጅሙዲን ናቸው።

ሁለተኛው ክፍል ሊያልቅ ሲል፣ ዶክተር ጉም የመጨረሻዋን መርከብ ሊውጥ አፉን ሲከፍት፣ ጋሽ ይታገሱ በተመስጦ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አራሱና ገጹን ገለጡት። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፣ ትኬት ሲቆጥሩ የኖሩበት። ክቡርነታቸው ምራቁን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ "ይሄ ትኬት አይደለም" አሉ። ጋሽ ይታገሱ ተነሡ፣ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ወጡ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንደኛው ባሕሩን ያያል፣ ሌላው ሰማዩን። ነጅሙዲን ለሰው ሲያወሩ "ያ ዶክተር ጉም" የሚሉት ይታገሱን ነው፤ ይታገሱም "ያ ዶክተር ጉም" የሚሉት ነጅሙዲንን ነው። ፋኖሱ ማን እንደሆነ እስካሁን አልተወሰነም።

የስንት ዘመን ወዳጅነት ባንድ ጣት ምራቅ ተቆረጠ። ይህን እያየሁ መጽሐፉን እኔ ተቀበልኩ።

ምን ላድርግ፣ ራሳቸው ናቸው ያመጡት። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ቤት ስሠራ የልጆቹን የሥዕል መጽሐፎች አቧራ እየጠረግሁ ማንበብ እንደለመድኩ ያውቃሉ። አንድ ቀን መጽሐፉን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልለው በሬ ላይ ቆሙና "አንቺ ፀዳል፣ ፈረንሳይኛ ታነቢ የለ?" አሉኝ። ከዚያ ሕገ መንግሥቱ ተነበበልኝ። እጅ ታጥቦ፣ ደርቆ። ፉል እየበሉ ማንበብ የለም። ወገቡን ለጥጦ መክፈት የለም። መስኮት አጠገብ የለም። ሙቀቱ ሙጫውን ስለሚያቀልጠው ማደሪያው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ የታችኛው የአትክልት መሳቢያ፤ ቲማቲሞቹ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። "ዝም ብዬ ነው፣ በዚህ ሳልፍ" አሉ። የእኔ ቤት የመንደሩ መጨረሻ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ግንብ ብቻ ነው። ወዴት እንደሚያልፉ አላህ ይወቀው። ቀጥሎ፣ እኔን እንዴት አደርሽ ሳይሉ፣

"መጽሐፉ እንዴት አደረ?"

ደህና አደረ እላለሁ። ጣቶቼን ያያሉ። መሳቢያውን ከፍተው ያያሉ። አንድ ቀን ለክሊም የሚጠቀሙበትን የሙቀት መለኪያ አምጥተው ጎኑ አስተኙት፤ ሽንኩርት ላወጣ ስል እንኳ የታመመ ሰው ክፍል የገባሁ እየመሰለኝ በእግር ጣቴ እሄድ ጀመር። ዓሣ የጠበስኩ ቀን ሽታው ግድግዳውን አልፎ ስለደረሳቸው አንኳኩተው እጄን መታጠቤን ጠየቁ። በመጨረሻ ሁልጊዜ "የት ደረስሽ?" ይላሉ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሁለት ጆሯቸውን ይይዛሉ። "እንዳትነግሪኝ።" ደግሞ በማግስቱ መጥተው የት ደረስሽ።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ግድግዳ አንኳኩቼ የምጠራው ሰው በዚህ ከተማ ከእርሳቸው ሌላ የለኝም። ባለፈው ወባ ሲጥለኝ ሾርባውን በር ላይ አስቀምጠው "ሳህኑን አደራ" ያሉኝ እርሳቸው ናቸው። ሳህኑንም ሦስቴ ሊጠይቁ መጥተዋል፤ እኔ ግን ሳህኑን ብለው መምጣታቸው ሳይሆን መምጣታቸው ነው የበጀኝ። እኚህ ሰው ባሕሩን እያዩ ቢያልፉኝ ምን እሆናለሁ?

እና መብራት ሄደ።

ከምሲን የነፈሰበት ቀን ነው፣ አየሩ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ። መጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ገበያ ወርጄ ስመለስ ቤቱ ጭልም ብሏል፣ ፍሪጁ ዝም ብሏል፣ ከበረዶ ቤቱ የቀለጠው ውሃ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ወጥቷል። መሳቢያውን ሳብኩት። ፋኖሱ እና ዶክተር ጉም እንደ ተዘፈዘፈ ልብስ ውሃ ውስጥ ተኝተዋል። መለኪያው ከላያቸው ይንሳፈፋል።

የመጀመሪያው ሐሳቤ አገር መልቀቅ ነበር። በሐሳቤ ሻንጣዬን ይዤ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄድኩ፤ ከድሮው ጣቢያ ባቡር መነሣት ከተወ እንደቆየ ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

መብራቱ ሲመጣ መጽሐፉን በመስፊያ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ ቬንቲላተሩን ለቀቅሁበት፣ ቅጠሉን ባንድ ባንድ ማላቀቅ ያዝኩ። አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል እሺ አሉኝ፤ ብዙ ከመገለጣቸው የተነሣ ጠርዛቸው እንደ አሮጌ ነጠላ ለስልሷል። ሦስተኛው ግን ንቅንቅ አልል አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ይህን የዛሬው ውሃ ብቻ አላደረገውም። የሚያብለጨልጭ ወረቀት በዚህ የባሕር እርጥበት ዓመታት ሳይከፈት ሲቀመጥ እርስ በርሱ ይያያዛል። ሦስተኛውን ክፍል የከፈተው ሰው የለም። መጋጠሚያው ላይ፣ ሁለተኛው በሚያልቅበት፣ የደረቀ የጫት እንጨት እንደ ምልክት ተጋድሟል።

ሰውየው መጨረሻውን አያውቁትም። እንዲህ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁትን መጽሐፍ አልጨረሱትም።

በሩ ተንኳኳ።

"ዝም ብዬ ነው፣ በዚህ ሳልፍ። መጽሐፉ እንዴት አደረ?"

"ውሃ ገባው፣ ነጅሙ።"

ገቡ፣ ጠረጴዛው ላይ አዩት። እኔ ወለሉን እያየሁ ባሕር ባሕሩን የሚያዩበትን ቀን ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና የተጣበቀውን ክፍል ዳሰሱት።

"ይሄኛው ተከፈተ?"

"አልተከፈተም።"

ትንፋሻቸውን ለቀቁ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ልክ የተረፈ ሰው እንዳገኙ። ነገሩ አልገባኝም፤ ሲደርቅ እኔ አነብልሃለሁ አልኩ። የጫቱን ምልክት በጣታቸው ዳስሰው፣

"ያለ እሱ?" አሉ፤ ጋሽ ይታገሱን ማለታቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ማዕረጉ ከእጄ ወደቀ፤ ክቡርነታቸው ማለት አልቻልኩም። ነጅሙ ነው፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው። አንቺ አንብበሽ ብትጨርሺው ከልቤ ይወጣልኛል ብዬ ነበር አለኝ። እየመጣ የሚጠይቀኝም ለዚያ ነው፤ አልጨረስኩም ባልኩት ቁጥር ግን ደስ እያለው ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። እኔ ግን እንቅልፍ የነሣው የመጽሐፉ ሙጫ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ነው መርፌ ይዞ የኖረ አእምሮዬ አንድ ነገር የሰፋው።

"በዚህ እርጥበት የተጣበቀ ወረቀት ሳይቀድ የሚለያይ ጣት እኔ አንድ ብቻ አውቃለሁ" አልኩት። "ትኬቶቹ በሐምሌ እንዲህ አይደል የሚጣበቁት?"

ገልመጥ አደረገኝ። "ምራቅ ያለበት ጣት።"

"ይሄን ሁሉ ውሃ ከጠጣ ወዲያ ምራቅ ምን ያደርገዋል?"

መጽሐፉን አየ፣ በሩን አየ። ተነሣና ቆቡን አስተካከለ፣ ደግሞ አስተካከለ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ዝም ብዬ ነው፣ በዚያ ልለፍ" አለ። ጋሽ ይታገሱ የሚኖሩት ከድሮው ጣቢያ ጀርባ ነው። ከእኔ ቤት ተነሥቶ የትም የሚሄድ ሰው በዚያ አያልፍም።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሁለቱም መጡ። አይነጋገሩም። እንዴት እንዳመጣቸው አልጠየቅሁም፤ ነጅሙ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር እንዴት አደረ ብሎ ይሆናል። ጋሽ ይታገሱ "ልጄ ፀዳል፣ ሕመምተኛው የት አለ?" አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አሉ፣ መጽሐፉን አገላብጠው አዩት፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ምላሳቸው ወሰዱ። ነጅሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቅጠሉ ሳይቀደድ ተነሣ። ሥዕሉ ላይ ፋኖሱ ብቻውን ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ የደረቱን መብራት አብርቶ የሆነ ሰው ይፈልጋል። ጋሽ ይታገሱ መነጽራቸውን አድርገው በዚያ በባቡሩ ድምፅ አነበቡልን። ከዚያ አቆሙ።

"ዶክተር ጉም የለም" አሉ።

ነጅሙ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ "ይመጣል፤ አንብብ አንተ" አለ።

አሁን በየቀኑ ጫቱ ከገባ በኋላ መብራዙ ውስጥ ናቸው። ጣቱ ያላቀቀውን ያህል ያነባሉ፣ ያልተላቀቀውን ለነገ ያቆያሉ፤ ከዚያ ዶክተር ጉም ይሙት አይሙት ብለው ሲጨቃጨቁ ይመሻል። እኔም መጨረሻውን አላውቅም፣ ስለ ዶክተር ጉም ነፍስ መጨነቅም ጀምሬአለሁ። ቅጠሉ እንዲደርቅ ቬንቲላተሬን አውሼአቸዋለሁ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ላቤ መጋረጃው ላይ እየተንጠባጠበ እሰፋለሁ። ትናንት የቬንቲላተሩ ድምፅ የጠፋ መሰለኝ። ጆሮዬን ለጠፍኩ፣ አልቻልኩም፣ ግድግዳውን አንኳኳሁ።

"ይዞራል?"

"ይዞራል" አለ ነጅሙ።

"እንደ ድሮው?"

ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። ከዚያ ከጉሮሮ ሥር፣ ከጓዳ እንደሚመጣ ያለው የዶክተር ጉም ድምፅ መለሰልኝ።

"እንደ ድሮው።"