የሊቀ ሙጫ ሽታው ዝፍት

ሁሉን አውቃለሁ ባይ የሌለበት ከተማ የለም፤ አንዱ መድኃኒት ያዛል፣ አንዱ የዳኛ ፍርድ ያርማል። የሐይቅ ከተማ ድርሻ ጋሽ ሽታው ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጥድ ሙጫ። ክፋቱ፣ በሳቸው ቤት ዓለም በሙሉ የተያያዘው በጥድ ሙጫ ነው። ዓሣ አጥማጁ አብዱልሰመድ «ሊቀ ሙጫ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸው፣ ከተማው ያለ ተቃውሞ አጽድቆታል።

የሰርግ ጥሪ የሚያትመው ሙሐዲን ዘንድ ሥራ በበዛበት ሰዓት ገብተው፣ ካርዱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ «ይኸ ቀለም ሙጫ አንሶታል፤ ወረቀቱን እስኪይዝ ሙሽሮቹ ይፋታሉ» ብለዋል። ሙሽራው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አዲስ አልጋ የገዛ ጎረቤት ቤት እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ሄደው፣ ቫርኒሹን በጥፍራቸው ፍቀው አሽትተዋል። ጫማው አፉን የከፈተበት ሰው ደግሞ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል፤ ስለ ሶል አለጣጠፍ ሳይማር አያልፍማ።

በጀልባ ጉዳይ ግን ማንም አይስቅባቸውም ነበር። ከአምባሰል ግርጌ ከፈረንጅ ጥድ የለቀሙትን ሙጫ ከሞራ ጋር አቅልጠው፣ ዝፍት አድርገው የጀልባውን ስንጥቅ ከደፈኑት፣ ዓመቱን ሙሉ ጠብታ ውሃ አያስገባም። መድረሱ የሚታወቀው በጥርስ ነው፤ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥሎ ማኘክ። ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ከተፈረከሰ ሞራ አንሶታል። የጋሽ ሽታው ጥርስ ደግሞ ካለቀ ቆይቷል። የሚያኝኩት ባለቤታቸው እትዬ ተሻለች ነበሩ። በር ላይ ቆመው አኝከው «ሞራ» ይላሉ። «ልጨምር ነበር እኮ» ይላሉ ጋሽ ሽታው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊጨምሩ ነበር።

እትዬ ተሻለች ባለፈው ጥር አረፉ።

ከአርባቸው በኋላ ጋሽ ሽታው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። ብቻቸውን አንተክትከው፣ ብቻቸውን «ደርሷል» ብለው የአብዱልሰመድን ጀልባ ደፈኑ። በሦስተኛው ቀን ሐይቁ መሀል ላይ ዝፍቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረከሰ። አብዱልሰመድ ዋና አይችልም። በአንድ እጁ እየቀዘፈ፣ በአንድ እጁ ውሃ በጣሳ እየደፋ፣ እንደምንም ዳር ደረሰ።

ጋሽ ሽታው ዳር ቆመው ሲጠብቁት ነበር።

«እንዴት ነው ዝፍቴ?»

ዓይናቸውን አየ። «ወላሂ ጋሼ፣ ጠብታ አላስገባም» አላቸው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንደራሰ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ጋሽ ሽታው ከሰዓት ይደፍናሉ፤ አጥማጆቹ በማግስቱ የሳቸውን ፍቀው የፋብሪካ የስንጥቅ ማሸጊያ ይቀባሉ። መስኡዳ ከዓረብ አገር ተመልሳ የከፈተችው ሱቅ ከጋሽ ሽታው ቤት ጎን ስለሆነ፣ ማሸጊያውን ለአጥማጆቹ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ በጓሮ በር ነው የምትሰጣቸው። «ሐራም የምሸጥ አስመሰላችሁኝ እኮ» ትላለች፤ ፌስታሉን ግን ደርባ ታስራለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብዱልሰመድ ጀልባውን ገልብጦ ሲፍቅ ጋሽ ሽታው ከኋላው ደረሱ። መደበቂያ ጊዜ አልነበረውም። እንዲሰድቡት ጠበቀ። ስለ ፋብሪካ ማሸጊያ ከንቱነት እስከ ቀትር እንዲያስተምሩት በልቡ ለመነ።

እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው። አፉ ይበሉኝ ጋሼ።»

«ምን አጠፋህና። ዝፍቱን የምታውቀው እሷ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አላውቅም።»

በሐይቅ ከተማ ይህን ቃል ከሳቸው አፍ የሰማ ሰው የለም። አብዱልሰመድ መፋቂያውን አስቀመጠ። «አብሽሩ ጋሼ» ሊላቸው ፈልጎ፣ ወደሳቸው ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

ጋሽ ሽታው የማሸጊያውን ቆርቆሮ አንስተው አገላበጡት፤ አላሸተቱትም።

«በል፣ እንዴት ነው የሚቀባው? አሳየኝ።»

አንድ ብሩሽ ሰጣቸውና ጎን ለጎን መቀባት ጀመሩ። ሽማግሌው እንደ አዲስ ተማሪ የሱን እጅ ይከተላሉ። ሲሸሻቸው የኖረውን እኚህን ሽማግሌ ይህን ያህል እንደሚወዳቸው አብዱልሰመድ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ያርሙኛል ብሎ፣ ሆን ብሎ አንድ ስንጥቅ ዘለለ።

ጋሽ ሽታውም አብረውት ዘለሉት።