የትርንጎ ግራፍ እና የኔ ማሻሻያ

ባል የሚባል ፍጥረት ደህና የሚሠራ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። በሩ ደህና ሲዘጋ ማጠፊያውን ይፈታል፤ ራዲዮው ጥርት ብሎ ሲሰማ አንቴናውን ያዞራል። እርስዎ እንዲህ አይደሉም? እስቲ ባለቤትዎን ይጠይቁልኝ...

እኔ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ይህ የምነግርዎ ሲሆን ለሁለተኛ ዲግሪዋ የእስቴን የገብስ በሽታ ስታጠና፣ ክረምቱን ሙሉ በየማሳው ጭቃ ስትረግጥ ከርማ ጽሑፏን ልታስረክብ ደርሳለች። ግራፎቿን የምትሠራው ኢንተርኔት ላይ ባለ የፕሮግራም መጻፊያ ገጽ ነው። ገጹ ብቻውን ብዙ አያውቅም፤ ሠንጠረዥ የሚያነብለት፣ ቁጥር የሚያሰላለት፣ ግራፍ የሚስልለት «ጥቅል» የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ይጫንበታል። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሳልናገር አላልፍም።

ነገሩ የሆነ ዕለት፣ በማግስቱ ማለዳ ጽሑፏን ልታስረክብ በደብረ ታቦር አውቶቡስ ልትሄድ ነው። የቀራት አንድ ግራፍ ብቻ ነበር። ገጹን ከፍታ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ስትነሣ እኔ ወንበሯ ላይ ቁጭ አልኩ። ከግራፉ ጥቅል አጠገብ «አዲስ ዕትም አለ» ይላል። አዲስ እያለ ሚስቴ በአሮጌ ትሂድ? ተጫንኩት።

አዲሱ የግራፍ ጥቅል፣ የቁጥሩ ጥቅል ካልታደሰ አልሠራም አለ። አደስኩለት። የቁጥሩ ሲታደስ የሠንጠረዡ አኮረፈ። ያኮረፈውን ሳጠፋው ጭራሽ ሁሉም ተያይዘው ቆሙ። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ።

ትርንጎ መጣች።

«ምን ሆነ?»

«እያሻሻልኩት ነው።»

«ይሠራ አልነበር?»

«ይሠራ ነበር...»

የያዘችውን ልብስ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ከጀርባዬ ቆመች።

የቤት አከራያችን መሪጌታ፣ ጾም ነበርና ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ በበሩ ብቅ አሉ።

«መምህር፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«አንዱን ስጠራው ሌላው ካልተጠራ አልገባም እያለኝ ነው፣ መሪጌታ።»

«ሰርገኛ ነው እንዴ የጠራኸው?» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ትርንጎ ከወንበሩ አስነሥታኝ ተቀመጠች።

«ይኼን ቀዩን አንብበኸዋል?»

«ቀይ ነው እኮ...»

«የትኛውን ዕትም እንደሚፈልግ ጽፎልሃል።»

እውነትም ጽፏል። የገጹን ጥቅሎች በሙሉ አራግፈን የቀድሞዎቹን ዕትሞች አንድ በአንድ መጫን ጀመርን። ኔትወርኩ ከስልኬ ነው፤ ስልኩን መስኮቱ ላይ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ክንዴ ሲዝል ዝቅ ካደረግሁት መጫኑ ይቆማል፤ ትርንጎም ቀና ብላ ታየኛለች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግራፉ ወጣ። የገብሱ ምርት መስመር ቁልቁል ወረደ። ገብስ ሲያሽቆለቁል አይቶ በደስታ ያጨበጨበ የእስቴ ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ትርንጎ ሄዳ አስረከበች፤ አማካሪዋም ግራፎቹን አመሰገኑላት። እኔም በተመለሰች ሰሞን እስቲ ገጹ እንዴት ከረመ ብዬ ልከፍተው ሞከርኩ።

«ትርንጎ፣ የይለፍ ቃሉ አልገባም አለኝ።»

«አዎ፣ እሱንም አሻሻልኩት» አለች።