የባዶ ዲስክ ግልባጭ

ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በየጠዋቱ ጢሜን ስላጭ መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ። ጅቡቲ፣ ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ ላፕቶፕ ስጠግን፣ ጨርቅ የሚነግዱት የድሬዋ እትዬ ዘሃራ ከላፕቶፓቸው በስህተት ያጠፉትን የልጃቸውን የሰርግ ፎቶ እንዳወጣላቸው መጡ።

«አይጨነቁ፤ መጀመሪያ የዲስኩን ምስል አነሳለሁ» አልኳቸው።

እሳቸውም ሻሻቸውን አስተካክለው ከላፕቶፑ ጎን ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ ምስል ማንሳት ማለት የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ መውሰድ መሆኑን፣ ላፕቶፑን አብርቼ አንድ ሰዓት አስተማርኳቸው። ለካ ይህ አዲሱ የዲስክ ዓይነት ኤሌክትሪክ ካገኘ የጠፋውን ፋይል ራሱ ጠራርጎ ያጸዳል። እኔ ሳስተምር እሱ ሲጠርግ ኖሯል።

ግልባጩ እንከን አልነበረውም። ፎቶ ብቻ የለበትም።

እትዬ ዘሃራ ባዶውን ስክሪን አይተው ሻሻቸውን ፈቱ።

«ልጄ፣ እኔን አንስተኸኝ ቢሆን አንድ ፎቶ ይዤ እገባ ነበር» አሉኝ።