የብሎኩ በር የተነቀለበት ታላቅ ስካር

የሚከተለው ታሪክ እንደ ወንጌል የታመነ ነው። አንዲት ቃል የጨመረበት ቢኖር ምላሱ ከትናጋው ይጣበቅ!

ከደሴ ተነሥቶ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ኮሌጅ የገባው እስክንድር፣ ደብተር ሳይገዛ አንድ ጥልቅ ጥናት አጠናቀቀ፤ ከእሱ በቀር ተማሪው በሙሉ ጠጪ ነው። የጥናቱ ዘዴ የዶርም ጓደኞቹን ማዳመጥ ነበር። ፈለቀ «ቢራ ለእኔ አፍ መጉመጥመጫ ነው» ይላል። ኣንዶም ደግሞ «እኔ ጡት የጣልኩት በሜስ ነው» ይላል። እስክንድር አንዲት ቢራ ራሱን የምታዞረው ልጅ ነው። ቢሆንም መሳቂያ ከመሆን ገደል መግባት ይሻላል ብሎ ቆረጠ።

እናም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አደይ ለተመድህን ሜስ ቤት ታሪክ ተሠራ። ሜስ ያው ጠጅ ነው፤ መቀሌ ሲደርስ ስሙን ቀየረ እንጂ ጉልበቱን አልቀየረም። ሐይቅ ተጨለጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈለቀ ምላሱ ተሳሰረ። ኣንዶም የመብራት ምሰሶ አቅፎ «ወንድም ዓለም» እያለ አለቀሰ። እስክንድርም እንዳይበለጥ መሬት ላይ ተዘረረ፤ አወዳደቁም እጅግ ተመሰገነ። ዶርም ሲደርሱ የብሎኩን በር ተደግፈው ሲዘፍኑ፣ በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ።

ሰኞ ጠዋት የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ ሓፍቶም፣ አስጠሯቸው።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ። «ሳይሰክር የሰበረ አስጠግኖ ይማራል፤ ሰክሮ የሰበረ ከዶርም ይወጣል። እናንተ መቼም አልሰከራችሁም፤ አይደል?»

ዶርም የተነጠቀ፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለው ተማሪ ዕጣው ሻንጣ ተሸክሞ ወደ አገሩ መመለስ ነው። እስክንድር ይህን ያውቃል። ጓደኞቹ ግን እያዩት ነው። አንገቱን ቀና አደረገ።

«ሰክሬ ነበር።»

«ዋእ! አስብበት እንጂ ልጄ። ትንሽ ሞቅ ብሎህ ይሆናል።»

«ሞቅታ? እኔን? ስሜን እንኳ አላውቀውም ነበር!»

ፈለቀ ተቆጣ። «እሱ የረሳው የራሱን ስም ብቻ ነው። እኔ የአባቴንም ረስቼ ነበር!»

«ኧረ አያ ሓፍቶም፣ አይስሟቸው!» አለ ኣንዶም። «እኔ በሩን ያቀፍኩት ሚስቴ መስላኝ ነው። ሚስት ደግሞ የለኝም!»

ሓፍቶም እያዘኑ እስክሪብቶ አነሡ። ሊጽፉ ሲሉ፣ ለወጉ ያህል፣ ለጨዋታ ብሎ አብሯቸው ሜስ ቤት ሄዶ የነበረውን አራተኛውን የዶርም ልጅ አብዱልወዱድን ጠየቁት።

አብዱልወዱድ መሬት መሬት እያየ በቀስታ ተናገረ።

«እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ ያልፈላ ብርዝ እንዲቀዱልኝ አደይ ለተመድህንን ልለምን ጓዳ ገባሁ። ‹አንተ ደግሞ አራተኛው ነህ› ብለው ሳቁብኝ። ሦስቱም በየተራ ገብተው፣ ‹ለእኔ ብርዝ፤ ለእነሱ እንዳይነግሩብኝ› ብለዋቸው ኖሯል። ሁላችንም የጠጣነው ከአንድ ማሰሮ ነው… በሩም ድሮውንም የላላ ነበር።»